የማሮሼክ ጠብመንጃ (ቭዙር 38ኤም)

ቭዙር 38ኤም («ቭዙር» በፖላንድኛ «ሞዴል» ማለት ነው) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለፖላንድ እግረኛ ጦር የተነደፈ፣ በ7.92 ሚሊ ሜትር የሞዘር ጥይት የሚሠራ ከፊል አውቶማቲክ ጠብመንጃ ነው። የነደፈው መሐንዲስ ዩዜፍ ማሮሼክ (1904–1985) ሲሆን፣ መሣሪያው በሠራዊቱ ዘንድ ተመርጦ ሳለ በብዛት መመረት ሳይጀምር ጦርነቱ ቀድሞታል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1930ዎቹ የፖላንድ እግረኛ ዋና መሣሪያ ቭዙር 29 የተባለው፣ አምስት ጥይት የሚጎርስና ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚቀባበል የሞዘር ዝርያ ነበር። የጦር መሣሪያ ክፍሉ በ1934 ራሱን የሚያቀባብል ጠብመንጃ ለማግኘት ውድድር ሲያወጣ ከቀረቡት ንድፎች መካከል የማሮሼክ ሥራ ጎልቶ ወጣ፤ ከዚያም እየተፈተነና እየተሻሻለ እስከ 1938 ዘለቀ። ወጣቱ መሐንዲስ በዚያው ዘመን ቭዙር 35 የተባለውን ፀረ ታንክ ጠብመንጃም ሠርቷል፤ ያ መሣሪያ ምሥጢሩ እንዳይወጣ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ስለነበር፣ ወደ ኡራጓይ የሚላክ ነው ተብሎ ይወራ እንደነበር ይነገራል።

የጠብመንጃው አሠራር ንጹሕና አስተማማኝ ነበር። ጥይቱ ሲተኮስ ከአፈሙዙ ውስጥ በትንሽ ቀዳዳ የሚወጣው ጋዝ ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ፒስተኑም በጀርባው በኩል አዘንብሎ የተቆለፈውን መዝጊያ ይፈታውና ቀለሁ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ቀጣዩም ጥይት ይገባል። ተኳሹ ለእያንዳንዱ ጥይት ምላጩን ከመሳብ በቀር ሌላ ሥራ የለበትም። የጥይት ማስቀመጫው አሥር ይይዛል፤ ነገር ግን ከጠብመንጃው ስለማይነቀል፣ በቀጭን ቆርቆሮ ላይ አምስት አምስት ሆነው የተደረደሩትን ጥይቶች ከላይ ወደ ታች መግፋት ያስፈልጋል። ይህ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችላል፤ ሆኖም በ1936 አሜሪካ የተቀበለችው የጋራንድ ጠብመንጃ የሚጎርሰው ስምንት ብቻ እንደነበር ሲታሰብ፣ የፖላንዱ ሥራ ከዘመኑ ምርጦች ተርታ የሚሰለፍ ነው ማለት አይበዛበትም።

የሙከራ ምርቱ በዋርሶ ተጀምሮ እስከ ጦርነቱ ዋዜማ 150 ገደማ ጠብመንጃዎች እንደተሠሩ በብዛት ይጻፋል። በመስከረም 1939 ጀርመን ፖላንድን ስትወርር እነዚህ ለወታደሮች በሰፊው አልታደሉም። በውጊያ ላይ ስለመዋላቸው የሚጠቀሰው ታሪክ የነዳፊው የራሱ ነው፤ ማሮሼክ ወደ ምሥራቅ በሚሸሽ ባቡር ላይ ሳለ በዝዶልቡኑፍ የባቡር ጣቢያ ከሠራቸው ጠብመንጃዎች በአንዱ በጀርመን አውሮፕላን ላይ ተኩሷል ይባላል።

ዛሬ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ በዋርሶ በፖላንድ ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል፣ በውጭ አገር ስብስቦች ውስጥ ያሉም አሉ።