ጉቦ በአንድ እጅ፣ ስለት በሌላው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ደስ አይልም። ግን ከቅዳሴ ወጥተን ወደ ፍርድ ቤት ስንሄድ አብሮን የሚሄድ ጉዳይ ነው።

እኛ ጎንደሮች ክርክር ሲገጥመን ሁለት ነገር እናደርጋለን። አንደኛ፣ እንሳላለን። ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ዣንጥላ፣ ለቁስቋም ጧፍ። ሁለተኛ፣ «ሰው» እንፈልጋለን። «እዚያ ቢሮ ሰው አለህ?» እንባባላለን። ሰው ያልነው ደላላ ነው፤ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ የሚያውቅ፣ «ለሻይ» ስንት እንደሚበቃ የሚነግረን። ጉዳዩ ሲያልቅልን ስለታችንን ይዘን እልል እያልን እንሄዳለን። «ጸሎቴ ተሰማ» እንላለን።

ማን ሰማን? የሰማንማ ፖስታውን የተቀበለው ሰው ነው።

መጽሐፈ ሲራክ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። ከድሀ በተወሰደ ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርብ፣ ልጅን በአባቱ ፊት እንደሚያርድ ነው ይላል። ዣንጥላው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ያላግባብ የተሸነፈውም ሰው የዚያው አባት ልጅ ነው። ምናልባት እሱም እዚያው ደብር ተስሎ ይሆናል።

ከተማችን ለፍርድ እንግዳ አይደለችም። ከፋሲል ግቢ 12 በሮች አንዱ ወንበር በር ይባላል፤ የዳኞች በር ነው። ሊቃውንቱ ፍትሐ ነገሥት ሲተረጉሙባት የኖረች ከተማ ናት። በዚያው ልክ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልንም አድገናል። ይህን ተረት ማን እንዳወጣው እንጃ። ተሿሚው ራሱ አይመስለኝም፤ ሳይደርሰው የቀረ አጎቱ ይሆናል።

እስኪ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት እናት ከደምቢያ በጠዋት መኪና ትመጣለች እንበል። የመሬት ክርክር አለባት። ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ በነጠላዋ ሥር ይዛለች። በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል «መዝገቡ የለም፣ ነገ ይምጡ» ትባላለች። ነገም የለም። አጥሩ ሥር የቆመ ልጅ ግን ጠጋ ይልና «እማማ፣ እኔ ላስገኝልዎት» ይላታል። ከሰዓት በኋላ መዝገቡ ይገኛል። መቼ ጠፋና! መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ዋጋውን ሲጠብቅ ነበር።

ከመስኮቱ እስከ አጥሩ ያለውን መንገድ አስተውሉ። ጉቦ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም። ደባቂ አለ፣ አስገኚ አለ፣ አይቶ አንገቱን የሚደፋ የጎን ጠረጴዛ አለ። ነቢዩ ሚክያስ በምዕራፍ 7 ያየው ይህንኑ ነው። አለቃው ይጠይቃል፣ ዳኛው በዋጋ ይፈርዳል፣ ትልቁ ሰው የልቡን ምኞት ይናገራል፣ ከዚያ አብረው ይጎነጉኑታል።

የናቡቴን ታሪክ ሁላችንም እናውቃለን። ንጉሥ አክዓብ ወይን ቦታውን ፈለገ፣ ናቡቴ እንቢ አለ፣ ንግሥቲቱ ኤልዛቤል በሐሰት አስከስሳ አስገደለችው። ግን 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 21ን እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ አድርጋችሁ እንደገና አንብቡት። ጾም ታወጀ። ሸንጎ ተቀመጠ። የሙሴ ሕግ ሁለት ምስክር ይጠይቃል፤ ሁለት ምስክር ቀረበ። ክሱ «እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል» ይላል። ፍርዱ ተሰጠ፣ ወዲያውም ተፈጸመ። ይግባኝ ሰሚ ቢመረምረው የሥነ ሥርዓት ጉድለት አያገኝበትም። ሁሉም ተሟልቷል፤ እውነቱ ብቻ የለም።

ይህን ደግሞ ኤልዛቤል ብቻዋን አላደረገችውም። በንጉሡ ስም የጻፈችው ደብዳቤ የሄደው ለከተማው ሽማግሌዎችና ታላላቅ ሰዎች ነው። የናቡቴ ያገሩ ሰዎች ናቸው። መጽሐፉ ገንዘብ ተቀበሉ አይልም። ዝም ብለው ታዘዙ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ «እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም» ቢል ኖሮ ክሩ እዚያው ይበጠስ ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ጾሙ ነው። ግፉን በጾም ጀመሩት።

አሁን ሶስናን ከጎኑ አስቀምጡ። እዚያም ሁለት ምስክሮች አሉ፤ እንዲያውም ራሳቸው ዳኞች ናቸው። የተከበሩ ሽማግሌዎች ስለሆኑ ሕዝቡ አመናቸው። «ከአንድ ወጣት ጋር ስታመነዝር አየናት» አሉ፤ ሴቲቱ ሞት ተፈረደባት። ዳንኤል ገና ወጣት ነበር፤ ሹመት የለውም፣ ጠበቃ አይደለም። «እኔ ከዚህች ሴት ደም ንጹሕ ነኝ» ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ ያደረገው ቀላል ነው። ሁለቱን ለየብቻ አቆመና «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላው ሌላ። ሴራው ፈረሰ። እግዚአብሔር የዳንኤልን መንፈስ ሲያነሣሣ እሳት ከሰማይ አላወረደም፤ መስቀለኛ ጥያቄ አስጠየቀው። ይህ ለጠበቆቻችንና ለዐቃብያነ ሕጎቻችን ትልቅ ክብር ነው።

«እኔ የሰው መብት አልገዛሁም፣ የራሴን ነው ያስለቀቅሁት» የሚል አለ። እውነት ነው፣ የሌላውን ይዞታ በገንዘብ ከሚቀማ ጋር እኩል አላደርገውም። ያቺን የደምቢያ እናትም ፊቷ ቆሜ አልገሥጻትም። ግን ቅዱስ ጳውሎስም ቂሣርያ ታስሮ ነበር። አገረ ገዢው ፊልክስ ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ደጋግሞ ያስጠራው ነበር፤ ሐዋርያት ሥራ 24፥26 ነው። ጳውሎስ ንጹሕ ነው። ወንድሞች ቢሰሙ ሳያዋጡለት አይቀሩም። አልሰጠም። ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀመጠ፤ ፊልክስም አይሁድን ደስ ለማሰኘት እስረኛውን ለተተኪው ትቶት ሄደ። ይህ የሚያጽናና ታሪክ አይደለም፣ አውቃለሁ። ያገራችን ሕግ ደግሞ፣ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007፣ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ይጠይቃል።

ከመስኮቱ ወዲያ ያላችሁስ? ብዙዎቻችሁ እሑድ ከእኛ ጋር ታስቀድሳላችሁ። ደመወዙ ወር እንደማያደርስ እናውቃለን፤ የጤፉ ዋጋ ለሁላችንም አንድ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮች ሲጠይቁት ሥራችሁን ልቀቁ አላለም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አለ። ለጭፍሮቹም ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው።

ብር የሌለበት ጉቦም አለ። ጽዋ ጠጥተን ስንነሣ በር ላይ «የማኅበራችን ልጅ ነው፣ እስኪ ተመልከትለት» እንላለን። ኦሪት ዘፀአት 23 ለድሀ እንኳ በፍርድ አታድላ ይላል። ለድሀ ያልተፈቀደ ለማኅበርተኛ ከየት መጣ?

«እሺ ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። ገንዘብ ስትጠየቁ ደረሰኝ ጠይቁ። «የለም» ሲሏችሁ በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከእድራችሁ አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ሰው መፈለግ እንዲህ ነው። የሰማችሁትን ለሚመለከተው አካል ተናገሩ፤ ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የሚሰጥ አዋጅ ከ2003 ጀምሮ አለ፣ ቁጥሩ 699 ነው።

የበላ ደግሞ ይመልስ። ቀራጩ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ለንስሐ አባት ነግሮ፣ ቀኖና ተቀብሎ፣ ሰግዶ «አለቀ» ማለት አይቻልም። ሰውየው ካለ ለእሱ፣ ከሞተ ለልጆቹ፣ ጨርሶ ካልተገኘ ለነዳያን። ለሕንፃ ማሠሪያ ግን አትስጡት። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ አባቶች ሊወቅሱኝ ይችላሉ። «የሰጡኝን ሰዎች ከየት አገኛቸዋለሁ?» የሚል ካለ፣ አድራሻቸው መዝገቡ ላይ ተጽፏል።