አንድ ድንች መርምሮ «ማሳዬ ጤነኛ ነው»

ሐረር ሸዋ በር ቡና ልጠጣ ቁጭ ባልኩ ቁጥር አንዱ ይመጣና «አቦ፣ ያ የሰብል በሽታ የሚለየው ቺፕ እንዴት ነው?» ይለኛል። ሥራዬ የሰብል ጥበቃ ስለሆነ ማምለጫ የለኝም። ስለ ቺፑ ደጋግሜ የምሰማውን እነሆ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ቺፕ ከሆነ ኮምፒውተር ይፈልጋል።» አይፈልግም። ቺፑ የሚሠራበት ዘዴ ማይክሮፍሉይዲክስ ይባላል፤ ጠብታ ፈሳሽን እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቦዮች ማሳለፍ ነው። ከወረቀት የሚሠሩት መብራትም አያሻቸው። የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ወረቀቱ ራሱ ጭማቂውን ይስባል። የእርግዝና መመርመሪያዋን አይታችኋል አይደል? እህቷ ናት።

«ሁሉንም በሽታ ያሳያል።» የተሠራለትን ብቻ። የድንች ምች (ቅጠሉን የሚያቃጥለው በሽታ) መመርመሪያ ተክሉን ስለሚያጠወልገው ስለ አጠውልግ በሽታ አንዲት ቃል አይናገርም።

«የለም ካለ ማሳው ጤነኛ ነው።» እዚህ ጋ ነው ደሜ የሚፈላው። የባለቤቴ ወንድም ኮምቦልቻ ያርሳል፣ የእኛዋ የሐረርጌዋ ኮምቦልቻ፣ የወሎዋን አላልኩም። ለዘር ብሎ ድንች በጆንያ ገዛ፤ ከመሃል ያማረችውን አንዷን መርጦ መረመረ፤ «የለም» አለው፤ ሁሉንም ተከለ። ሊያብብ ሲል ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ ጠወለገ። ደውሎ «መሣሪያህ ዋሸኝ!» አለኝ። ሄጄ ግንዱን ቆርጬ ንጹህ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠልኩት። ትንሽ ቆይቶ ወተት የመሰለ ክር ቁልቁል ይወርድ ጀመር። ባክቴሪያ አጠውልግ! መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀው ስለ አንዷ ድንች ነው፣ ስለ እሷ መለሰ። ይሄ ባክቴሪያ ደግሞ ምንም ምልክት በማይታይባት ድንች ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል። አውሮፓ ውስጥ ለዚሁ በሽታ የሚወሰደው መደበኛ ናሙና 200 ድንች ነው። 200! እሱ አንድ።

ስለዚህ ከየጆንያው፣ ከላይም ከሥርም፣ ቆንጆውንም አስቀያሚውንም አውጡ። ድንቹ ከእናቱ ጋር ተያይዞ በነበረበት ጫፍ በኩል ትንሽ ትንሽ ቁረጡ፣ አንድ ላይ ጨፍልቃችሁ መርምሩ። ቢላዋውን በበረኪና እጠቡ። አጠውልግ ከተገኘ ያ ድንች ለዘር አይሆንም፤ የፈንገስ መድኃኒት መርጨትም ገንዘብ ማፍሰስ ነው፣ ባክቴሪያ ነዋ። የታመመው መሬት ላይ ቲማቲምና በርበሬም አታስከትሉ፣ ዘመዳሞች ናቸው። ማሽላ ወይም በቆሎ ዝሩበት።

ድሬዎች ደግሞ፣ መመርመሪያውን ባጃጅ መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁ «አይሠራም» አትበሉኝ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሙቀት አንብቡ።

የባለቤቴ ወንድም ግን እስካሁን «ያ ውሸታም መሣሪያህ» ነው የሚለው።