መራጭ ኦቶፋጂ በእርሾ፦ ሴሉ የሚፈርሰውን እንዴት ይለያል?

ኦቶፋጂ ሴል የራሱን አካል አፍርሶ መልሶ የሚጠቀምበት ሂደት ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ «ራስን መብላት» ማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ቤልጅየማዊው ሳይንቲስት ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የእርሾ ሴል ሲርበው በዙሪያው ያገኘውን በድርብ ሽፋን ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ቫኩዩሉ ይልካል። ቫኩዩል የሴሉ መፍጫ ክፍል ነው። ይህ ጅምላው ኦቶፋጂ ነው። መራጩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል አመንጪ) ወይም አንድ ፐሮክሲዞም (ቅባት የሚፈጭ ትንሽ አካል) ለይቶ ያነሳል፤ አጠገቡ ያለውን አይነካም። ታዲያ ሴሉ «አሁን» እና «ይህኛውን» የሚሉትን ሁለት ትእዛዞች እንዴት ያገናኛል? ምስጢሩ በአብዛኛው ያለው ፕሮቲኖች ላይ በሚለጠፉና ከላያቸው በሚነሱ ፎስፌቶች (ትንንሽ የኬሚካል ቡድኖች) ውስጥ ነው።

እንዴት ተገኘ

ጃፓናዊው ሳይንቲስት ዮሺኖሪ ኦሱሚ በ1988 በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ላቦራቶሪ ከፈተ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ቫኩዩል ውስጥ ምን ይፈርሳል? ችግሩ ግን የገባው ነገር ወዲያው ስለሚፈጭ አይታይም። ስለዚህ የቫኩዩል መፍጫ ኢንዛይም የጎደላቸውን የእርሾ ዘሮች ወስዶ ምግብ ከለከላቸው። በሰዓታት ውስጥ ቫኩዩሉ በትንንሽ ክብ አካላት ተሞላ። በተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ የሚታይ ነገር ነበር! ውጤቱ በ1992 ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት ኦሱሚ ከሚኪ ጹካዳ ጋር ኦቶፋጂ የማይሠራባቸውን 15 የእርሾ ሚውታንቶች (ጂናቸው የተለወጠ ዘሮች) አቀረበ። ቁልፎቹ ጂኖች የተለዩት በዚህ መንገድ ነው። በ2016 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ብቻውን ወሰደ፤ ይገባዋልም።

ለመራጩ ኦቶፋጂ ግን በሩን የከፈተው ሌላ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ዳንኤል ክሊዮንስኪ ስለ ረሃብ እያጠና አልነበረም። አሚኖፔፕቲዴዝ 1 የተባለ ኢንዛይም ወደ ቫኩዩል እንዴት እንደሚገባ ነበር የሚከታተለው። ይህ ኢንዛይም ጠግቦ በሚያድግ ሴል ውስጥ እንኳ ተመርጦ፣ ተጠቅልሎ ይገባል። ከረጢቱም ትንሽ ነው፤ ስፋቱ 150 ናኖሜትር ገደማ ነው። የረሃቡ ከረጢት ግን ከ300 እስከ 900 ናኖሜትር ይደርሳል። ጀርመናዊው ሚካኤል ቱም ደግሞ በ1994 የራሱን ሚውታንቶች አቀረበ። የሦስቱ ተመራማሪዎች ጂኖች ሲነጻጸሩ አብዛኞቹ አንድ ሆነው ተገኙ። በ2003 ስማቸው «ኤቲጂ» በሚል ተዋሃደና ግራ መጋባቱ ቀረ።

«አሁን» የሚለው ትእዛዝ

ዋናው ተቆጣጣሪ ቶርክ1 የተባለ የፕሮቲኖች ስብስብ ነው። በቫኩዩል ሽፋን ላይ ተቀምጦ የአሚኖ አሲድን መጠን ይከታተላል። ምግብ ሲሞላ ኤቲጂ13 የተባለው ፕሮቲን ላይ ብዙ ፎስፌት እንዲለጠፍ ያደርጋል። ናይትሮጅን ሲጠፋ ቶርክ1 ይዳከማል፣ ፎስፌቶቹም ይነሳሉ። ያኔ ኤቲጂ13 ከኤቲጂ1፣ ከኤቲጂ17፣ ከኤቲጂ29 እና ከኤቲጂ31 ጋር ተሰባስቦ ከረጢቱን ያስጀምራል። ራፓማይሲን የተባለው መድኃኒት ቶርክ1ን ስለሚያግድ የጠገበን እርሾ እንደ ተራበ ያደርገዋል። ይህንን ኖዳና ኦሱሚ በ1998 አሳይተዋል።

አንድ ነጥብ ላይ ስምምነት የለም። አንዳንዶች ኤቲጂ1 እና ኤቲጂ13 የሚያያዙት በረሃብ ጊዜ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ጠግቦም ርቦም ተያይዘው ነው የሚኖሩት ይላሉ። ከቶርክ1 ጎን የግሉኮስን መኖር የሚያስተላልፈው ፒኬኤ የተባለ ኢንዛይምም ኦቶፋጂን ያግዳል።

«ይህኛውን» የሚለው ትእዛዝ

እያንዳንዱ ጭነት፣ ማለትም ተመርጦ የሚጠቀለለው አካል፣ የራሱ ተቀባይ ፕሮቲን አለው። ተቀባዩ በአንድ በኩል ጭነቱን ይይዛል። በሌላ በኩል በከረጢቱ ሽፋን ላይ ካለው ኤቲጂ8 ጋር እና ኤቲጂ11 ከሚባለው ሰብሳቢ ጋር ይያያዛል። ጭነት የያዘ ተቀባይ ሲመጣ ኤቲጂ11 ኤቲጂ1ን ያነቃዋል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሥራውን የሚያስጀምረው ጭነቱ ራሱ ነው፤ ለዚህም ነው ረሃብ ሳይኖር እንኳ መራጭ ኦቶፋጂ የሚካሄደው።

የአሚኖፔፕቲዴዝ 1 ተቀባይ ኤቲጂ19 ነው። ከኤቲጂ11 ጋር በደንብ የሚያያዘው ኤችአርአር25 የተባለው ካይኔዝ (ፎስፌት ለጣፊ ኢንዛይም) ፎስፌት ሲለጥፍበት ነው። ይኸው ካይኔዝ የፐሮክሲዞም ተቀባይ በሆነው ኤቲጂ36 ላይም ይሠራል። ፒኪያ ፓስቶሪስ በተባለው የእርሾ ዝርያ የፐሮክሲዞሙ ተቀባይ ኤቲጂ30 ነው።

ስለ ማይቶኮንድሪያው ብዙ ይታወቃል። ተቀባዩ ኤቲጂ32 ሲሆን በ2009 ሁለት ቡድኖች በአንድ ጊዜ ለይተውታል። ኬዚን ካይኔዝ 2 በ114ኛውና በ119ኛው ቦታ ባሉት ሴሪን በተባሉ አሚኖ አሲዶች ላይ ፎስፌት ሲለጥፍበት ኤቲጂ11 ይይዘዋል። ይህ ካይኔዝ ግን ሁልጊዜ ሥራ ላይ ያለ ነው። ታዲያ ማይቶኮንድሪያ ለምን ዝም ብሎ አይፈርስም? መልሱ ፒፒጂ1 ነው። ይህ ፎስፋቴዝ (ፎስፌት አንሺ ኢንዛይም) ፋር ከሚባል የፕሮቲን ስብስብ ጋር ሆኖ ፎስፌቱን መልሶ ያነሳል። ማብሪያው ካይኔዙ ነው ብለን ስናስብ፣ ወሳኙ የማጥፊያው መነሳት ሊሆን ይችላል። በእኔ አስተያየት ከዘርፉ ግኝቶች ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው።

ሁለት የጭንቀት መስመሮችም ይገባሉ። ኤስኤልቲ2 የሴል ግድግዳ ሲጎዳ፣ ሆግ1 ደግሞ ጨው ሲበዛ የሚነቁ ካይኔዞች ናቸው። ሁለቱም ለማይቶኮንድሪያ መፍረስ ያስፈልጋሉ፤ ኤስኤልቲ2 ለፐሮክሲዞምም ጭምር። ሆግ1 ኤቲጂ32ን የሚነካው በቀጥታ ሳይሆን በሌሎች በኩል ይመስላል።

ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የተባለው የሴሉ የሽፋን መረብ ተቀባዮች፣ ኤቲጂ39 እና ኤቲጂ40፣ በ2015 ታወቁ። ፕሮቲን ሠሪው ራይቦዞም በረሃብ ጊዜ ተመርጦ እንዲፈርስ ደግሞ ዩቢኩዊቲን የተባለውን መለያ ፕሮቲን የሚያነሳው ዩቢፒ3 የተባለ ኢንዛይም ያስፈልጋል።

ኤቲጂ32 በአጥቢ እንስሳት ውስጥ በቅርጽ የሚመስለው ፕሮቲን የለውም። ሆኖም ተመራማሪዎች ቢሲኤል2ኤል13 የተባለውን የአጥቢ እንስሳት ፕሮቲን ኤቲጂ32 በሌለው እርሾ ውስጥ ሲያስገቡ ማይቶኮንድሪያው ተመርጦ መፍረስ ጀመረ። ፕሮቲኑን ለማግኘት የተፈለጉት መለያ ባሕርያትም ከዚያው ከእርሾው ኤቲጂ32 የተወሰዱ ነበሩ።