ፕሮሞቶራ ማለት ምን ማለት ነው?

ቴክሳስ ውስጥ፣ በሜክሲኮ ድንበር በኩል፣ ኮሎኒያ የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። መሬቱ ርካሽ ነው። ሰው ይገዛና ቤቱን እንደ አቅሙ ቀስ እያለ ይሠራበታል። አንዳንዱ ሰፈር አስፋልት የለውም፤ አንዳንዱ ጋ የቧንቧ ውሃም የፍሳሽ መስመርም ሳይደርስ ዓመታት አልፈዋል። ክሊኒኩ ሩቅ ነው፣ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ አንዷ ጡቷ ላይ እብጠት ቢሰማት ቀድማ የምትነግረው ለሐኪም ላይሆን ይችላል። ለፕሮሞቶራዋ ነው።

ቃሉ ስፓኒሽ ነው። ሲሟላ «ፕሮሞቶራ ዴ ሳሉድ» ይባላል፤ ሳሉድ ጤና ማለት ነው። ለወንድ ፕሮሞቶር ነው፣ ግን አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ በሴት መጥራቱ ተለምዷል። የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች «ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ዎርከር» ይሏታል።

የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ መነሻቸው ላይ ነው። ኤክስቴንሽኗ ሠልጥና፣ በመንግሥት ደሞዝ ተቀጥራ ቀበሌ ትመደባለች። ፕሮሞቶራዋን ግን ብዙ ጊዜ ማንም አልመደባትም። ድሮም ቢሆን ጎረቤት ሲጨንቀው በሯን የሚያንኳኳባት ሴት ነበረች። ሥልጠናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች «ኮማድሬ» የሚሉት ዝምድና አለ፤ በክርስትና የሚመጣው፣ ልክ እንደኛ አበልጅ። ፕሮሞቶራ እንግዲህ የሰፈሩ ሁሉ አበልጅ እንደማለት ናት።

ነርስ አይደለችም። መርፌ አትወጋም፣ መድኃኒት አታዝም። ቀጠሮ ታስይዛለች፣ ቅጽ ታስሞላለች፣ ክሊኒክ አብራ ሄዳ ታስተረጉማለች። ዋናው መሣሪያዋ ግን «ፕላቲካ» ነው። ወግ፣ ጨዋታ በሉት። በሰው ሳሎን፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ አንዳንዴም ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ማሽኑ እስኪጨርስ።

አንዱን እንይ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጣሳ ኮካ፣ ባዶ ብርጭቆ፣ ስኳርና የሻይ ማንኪያ አለ። ፕሮሞቶራዋ «እዚህ ጣሳ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር ያለ ይመስላችኋል?» ትላለች። አንዷ ሦስት ትላለች፣ ሌላዋ አምስት። ከዚያ ስኳሩን ብርጭቆው ውስጥ መጨመር ትጀምራለች። 355 ሚሊ ሊትሩ ጣሳ 39 ግራም ስኳር አለው፤ ወደ 10 የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ሰባተኛው ላይ ሳቁ ይቆማል።

መጀመሪያ መጠየቋ ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይደለም። የዚህ ሥራ አንዱ ሥር በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 70ዎቹ የላቲን አሜሪካ የድሆች ንቅናቄ ውስጥ ነው። ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ ያስፋፋው የትምህርት አካሄድ አስተማሪው ከሰዎቹ ኑሮና ከራሳቸው እውቀት እንዲነሳ ይጠይቃል።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ስኳር በሽታ ላይ ነው። እነሱም እንደኛው «ስኳር አለብኝ» ነው የሚሉት። በሽታው ከድንጋጤ የመጣ ነው ብሎ ማመንም አለ፤ «ሱስቶ» ይሉታል። (ይቺን ስሰማ የሰፈሬ ሴቶች ፊቴ ድቅን አሉ።) ከሁሉ የሚከብደው ግን ኢንሱሊን ዓይን ያጠፋል የሚለው ነው። ሐኪም ሐሰት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ፕሮሞቶራዋ ግን «ዶኛ፣ ማን ላይ አዩ?» ብላ ትጠይቃለች። ዶኛ እንደኛ እትዬ ነው። «እህቴ ላይ» ይላሉ ሴትየዋ። ኢንሱሊን በጀመረች በዓመቷ ማየት አቆመች። ስንት ዓመት ታማ ነው የጀመረችው? አሥራ አምስት። ዓይኗን ሲጎዳው የኖረው ስኳሩ ነበር፤ ኢንሱሊኑ ዘግይቶ ደርሶ ወቀሳውን ወሰደ። እትዬ ያዩት ነገር ውሸት አልነበረም። ትርጉሙ ነው የተሳሳተው። ይህን ለማስረዳት አንድ ሰዓትና ሁለት ስኒ ቡና ሊፈጅ ይችላል።

ይህ የጉርብትና ሥራ በሰርተፊኬትና በክፍያ ይሁን አይሁን የሚለው ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ቴክሳስ በፈረንጆቹ 1999 ሕግ አውጥታ ለፕሮሞቶራዎች ሥልጠናና ሰርተፊኬት ጀመረች፤ ሥልጠናው 160 ሰዓት ነው። በ2010 የፌዴራል መንግሥቱ የሙያዎች ዝርዝር ውስጥ የራሳቸው መለያ ቁጥር አገኙ። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ሜዲካል በሚባለው የሕዝብ ኢንሹራንስ በኩል ለአገልግሎታቸው ትከፍላለች። የሚሰላው በ30 ደቂቃ ነው። ቡናው የት ይመዝገብ?

አንዳንዶቹ ባጅ ስናጠልቅ ሰፈሩ እንደ ክሊኒኩ ሰው ያየናል ብለው ይሰጋሉ። «ዴ ኮራሶን» ነው የምንሠራው ይላሉ፤ ከልብ ማለት ነው። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ከልብ ነው እየተባለ ሴቶች ስንት ዓመት በነፃ ሠርተዋል፤ ልብ ደግሞ የቤት ኪራይ አይከፍልም። እኔ ከሚከፈላቸው ወገን ነኝ።

ክፍያው ግን ሁሉንም አያዳርስም። የሥራ ፈቃድ የሌላት ሴት ሥልጠናውን ብትወስድም በሕጋዊ መንገድ ልትቀጠር አትችልም። መዝገብ ላይ በጎ ፈቃደኛ ናት። ያው ሰው ሲጨንቀው ግን የሚያንኳኳው የእሷንም በር ነው።