ከቆዳ ቀለም እስከ ከለር መቀባት፦ ስለ ቀለም መጻሕፍት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ተቀምጦ ስለ ቀለም የሚያወራ መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ። «ስለ ቀለም ደግሞ ምን ይጻፋል?» ይጻፋል፣ ያውም ብዙ። ስለ ቆዳ ቀለምና ስለ ዘር የተጻፉ አሉ። ስለ ብርሃን፣ ስለ ዐይን፣ ስለ ቀለም ታሪክ የተጻፉ አሉ። ሥዕሉ በጥቁር መስመር ብቻ ተሠርቶ አንባቢው ራሱ ከለር የሚቀባቸውም አሉ። በሦስቱም ላይ የሚወራ ስሕተት አለ፣ አንዳንዱም ሰው የሚጎዳ ስለሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

«የዘርና የቆዳ ቀለም መጽሐፍ የአሜሪካኖች ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም»

ይሄን ከወሎ ሰው ስሰማ ሁሌም ያመኛል። የጣሊያን አውሮፕላኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጣሊያን ደሴ ገባ። ከዚያ ምን መጣ? በ1937 የወጣ ሕግ መጣ። አንድ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ሆኖ ከተገኘ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል ይላል። ጣሊያን በያዘው አገር ሁሉ የሚሠራ ሕግ ስለነበር ደሴና ኮምቦልቻም ከሱ ሥር ነበሩ። የቆዳ ቀለም በሕግ ተጽፎ በአያቶቻችን ደጅ አልፏል። ስለዚህ «አይመለከተንም» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም።

እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ብዕር ካነሱት ቀደምት ኢትዮጵያውያን አንዱ የወሎ ልጅ ነው። ዶክተር መላኩ በያን ወሎ ተወልዶ ሐረር አደገ፤ አሜሪካ ሄዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1935 ተመረቀ። ሃዋርድ ጥቁሮች የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ያገባውም ጥቁር አሜሪካዊት ነበር። በ1937 ኒው ዮርክ ውስጥ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ፤ በ1939 ደግሞ የጥቁር ሕዝብን ጉዞ ኢትዮጵያ እንደምትመራ የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። በዓመቱ በ40 ዓመቱ አረፈ። «እኛ ኢትዮጵያውያን ጥቁር አይደለንም» የሚለው ወሬ በዚያ ዘመንም ነበር፤ የመላኩ ሥራ በሙሉ ለዚያ ወሬ መልስ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ስሙ ለምን እንደማይነሳ ይገርመኛል።

ከሱ በፊት ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስ በ1903 ባወጣው መጽሐፍ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ዋና ችግር ሰውን በቀለም የሚከፍለው መስመር ነው ብሎ ነበር። የማርቲኒኩ ተወላጅ የአእምሮ ሐኪም ፍራንዝ ፋኖን ደግሞ በ1952 ያ መስመር የተገዢው ሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ጻፈ። ሁለቱንም ያነበበ ሰው የዛሬውን የፊት ክሬም ማስታወቂያ በሌላ ዐይን ነው የሚያየው። ወደ ክሬሙ እመለሳለሁ።

«የወሎ ሰው ቀይ ነው፤ ቅላቱም ደጋ ስለሆነ ነው፣ ሙቀት ያጠቁራል»

እዚህ ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ። የመጀመሪያውን ለማፍረስ ሰኞ ባቲ ገበያ መሄድ ይበቃል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ይገናኛል፤ ጥቁሩ፣ ጠይሙ፣ የቀይ ዳማው፣ ብስል ቀዩ ሁሉ አለ። ከብሔር ብሔር ብቻ አይደለም ልዩነቱ፤ ከአንድ እናት የወጡ ወንድምና እህት እንኳ አንዱ ጠይም አንዷ ቀይ ይሆናሉ። «የወሎ ቆንጆ» ሲባል ቀይ ሴት ብቻ የሚታየው ሰው ወሎን በደንብ አላየም።

ሁለተኛው ስሕተት ሳይንሱ ላይ ነው። በዘመናት ሂደት ቆዳን ያጠቆረው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው፣ የአየሩ ሙቀት አይደለም። ይሄን ለጠቅላላ አንባቢ አስረድተው ከጻፉት መካከል የአንትሮፖሎጂ ሊቋ ኒና ጃብሎንስኪ ትገኝበታለች። ጨረሩ የበዛበት አገር የኖረ ሕዝብ ጥቁር ቆዳ ይጠቅመዋል፣ ምክንያቱም ፎሌት የሚባለውን ቪታሚን ከጨረሩ ይጠብቅለታል፤ ጨረሩ ያነሰበት አገር ደግሞ ቆዳው ቢነጣ ቪታሚን ዲ ለመሥራት ይቀለዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። ብርድ አለ፣ ጉም አለ፣ ጃኬት አይወልቅም። ጨረሩ ግን ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለዚህ ነው ደጋ ላይ በብርድ ቀን እንኳ ፊት የሚቃጠለው። ቆላ ወርዶ ጠቁሮ የመጣ ሰው የጠቆረው ፀሐይ ላይ ስለዋለ ነው፣ ሲሰነብትም ይመለሳል።

በ2017 የወጣ ትልቅ ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ከ2,000 በላይ ሰዎችን የቆዳ ቀለም ለክቶ ነበር። ቆዳን የሚያጠቁሩትም የሚያቀሉትም የዘረ መል ዓይነቶች አፍሪካ ውስጥ ተገኙ፤ ብዙዎቹም የዛሬው የሰው ልጅ ከመፈጠሩ በፊት ጀምሮ የነበሩ ናቸው። ቀይ ሆኖ የተወለደ የወሎ ልጅ «ከውጭ የመጣ» የሚል ታሪክ ሊለጠፍበት አይገባም። በርግጥ በጥንት ዘመን ከውጭ ከገባ ሕዝብ ጋር የመጣ የሚያቀላ ዘረ መልም ኢትዮጵያ ውስጥ አለ። ሁለቱም አለ ማለት ነው። መልክ ብቻ አይቶ የዘር ሐረግ መቁጠር አይቻልም።

አሁን ክሬሙ። ቆዳ የሚያነጡ አንዳንድ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ይገኛል። ሜርኩሪ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል ያለበትንም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ መቀባት ቆዳን ያበላሻል። ይሄን የምጽፈው ስለ ቀለም መጽሐፍ እያወራሁ ነው፣ ምክንያቱም የጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ የቶኒ ሞሪሰን የ1970 የመጀመሪያ ልብ ወለድ የሚናገረው ይሄንኑ ነው፦ ሰማያዊ ዐይን ካላገኘሁ አልወደድም ብላ የምታምን ትንሽ ጥቁር ልጅ። ዐይኑን ትታችሁ «ቀይ ብሆን» በሉትና የምታውቋትን አንዲት ልጅ አስቡ።

«ከለር የሚቀባ መጽሐፍ የልጅ ነው»

አይደለም። በ2013 ስኮትላንዳዊቷ ሠዓሊ ጆሃና ባስፎርድ ለአዋቂ የሚሆን፣ የአትክልት ቦታ ሥዕል ያለበት ከለር የሚቀባ መጽሐፍ አውጥታ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን ተሸጧል። ግን እስከዚያም መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያበረከቱት ባለ ሥዕል ወንጌል 1280 አካባቢ የተጻፈ ነው። ያን ያቀለሙት ልጆች አልነበሩም። የብራና ሥራ ስታዩ ነገሩ ይገባችኋል፦ ጽሑፉ በጥቁር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ፣ የምዕራፉ ራስ ላይ የተጠላለፈ ሐረግ። ቀዩ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ አንባቢው ዐይኑን የት እንደሚያሳርፍ ይነግረዋል። በወሎ የሙስሊም ሊቃውንት እጅ የተጻፉ ኪታቦች ላይም ቀይ ቀለም እንዲሁ ዋናውን ከማብራሪያው ይለያል።

«ከለር መቀባት ጭንቀት ይፈውሳል፤ ሕክምና ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ አሳሳች ነው። በ2005 አሜሪካ ውስጥ 84 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ተማሪዎቹን መጀመሪያ የሚያስጨንቅ ነገር እንዲያስታውሱ አደረጓቸው። ከዚያ ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ማንዳላ የሚባለውን ክብ ጥለት ቀባ፣ ሁለተኛው ዳማ ዳማ ጥለት ቀባ፣ ሦስተኛው ባዶ ወረቀት ተሰጥቶት የፈለገውን ቀባ። ጥለት የቀቡት ጭንቀታቸው ከሦስተኛው ቡድን ይበልጥ ቀነሰ። ስለዚህ አእምሮ ሲረበሽ ሐሳቡን የሚይዝለት የተዘጋጀ ጥለት ከባዶ ወረቀት ይሻለዋል ማለት ነው።

ውድ መጽሐፍ መግዛትም ግድ አይደለም። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ወይ የመስቀል ቅርጽ በማስመሪያ ወረቀት ላይ አስምራችሁ መቀባት ትችላላችሁ፤ ስታችሁት ከመስመር ብትወጡም አብሽሩ።

ግን ጥናቱ የለካው የዚያችን ሰዓት ጭንቀት ነው። ሕመምን አልለካም። እኛ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈብን ሰዎች ነን፤ ዛሬም ሌሊት የሚባንን፣ ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ ሰው በየሰፈሩ አለ። ለዚያ ሰው ከለርና ወረቀት ሰጥቶ «ይለቅሃል» ማለት በደል ነው። በሥዕል የሚደረግ ሕክምና አለ፣ በሠለጠነ ባለሙያ የሚመራ የራሱ ሙያ ነው፤ ከሱቅ የተገዛ መጽሐፍ ግን እሱ አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጤና ጣቢያም ሆነ ሆስፒታል ይሂድ። ከለሩን ማታ ማታ ይቀባ፣ አይከለከልም።

«ሰማያዊ ያረጋጋል፣ ቀይ ያስቆጣል፣ ጥቁር ሐዘን ነው»

የቀለም ትርጉም ነን የሚሉ መጻሕፍት ይሄን እንደ ሕግ ይደረድሩታል። በጥቁር የምናዝን እኛ ነን፤ ሕንድ ውስጥ በነጭ ነው የሚያዝኑት። የእስር ቤት ክፍል ሮዝ ቢቀባ እስረኛ ይረጋጋል የሚል ሐሳብም ከ1979 ጀምሮ ተወርቶለታል፤ በ2015 ስዊዘርላንድ ውስጥ በጥንቃቄ ሲፈተሽ ግን ውጤት አልታየበትም። ቤታችሁን የወደዳችሁትን ቀለም ቀቡት።

«የሰው ቀለም የሚባል ከለር አለ»

ይሄ የልጆች ነው፣ ግን ከሁሉ በላይ የማስብለት እሱ ነው። ልጅ የእናቷን ሥዕል ስትቀባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እናቷ ጠይም ናት፤ ልጅቷ ግን ዘው ብላ የምታነሳው ያችን ነጣ ያለች ሮዝ ነው። «ይቺ የሰው ናት» ትላለች። ማን ነገራት? ክራዮላ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያንን ከለር ለዓመታት «ሥጋ» ብሎ ይጠራው ነበር፤ በ1962 ስሙን ወደ «ኮክ» ቀየረው። የዓለምን ሰው መልክ የሚወክሉ 24 ከለሮች ያወጣው ግን በ2020 ነው።

እነሱ እኛ ጋ እስኪመጡ መጠበቅ የለብንም። 12 ፍሬ ያለው ተራ ከለር ይበቃል። ለጠይም መጀመሪያ ብርቱካናማውን በስሱ ቀቡ፣ ከላዩ ቡናማ ደርቡ፣ ጉንጭና አንገት ሥር ቡናማውን ጫን አድርጉ። ለቀይ ዳማ ብርቱካናማው ይብዛ፣ ቡናማው ይሳሳ። ለጥቁር ቡናማውን አጥብቁና ጥላ የሚያርፍበት ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጨምሩ፤ ጥቁሩን ከለር ብቻ ከተጠቀማችሁ ፊቱ ይጠፋል። እርሳሱን ቀለል አድርጋችሁ ያዙ፣ ወረቀቱ ከደብተር ወረቀት ወፈር ያለ ይሁን፣ ልጅቷም እናቷን እያየች ትቀባ።