የካፑስቲን ፒያኖ ምንድን ነው? ጃዝ ወይስ ክላሲካል?

የሶቪየት ዘመኑን አቀናባሪና ፒያኒስት የኒኮላይ ካፑስቲንን የፒያኖ ሥራዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ጃዝ ነው ብሎ ይምላል። ስዊንጉ (ያ የሚያወዛውዘው የጃዝ ምት) አለ፣ የብሉዝ ቃናው አለ፣ ቀኝ እጁ ደግሞ የመጣለትን የሚጫወት ነው የሚመስለው። ግን አንዷም ድምፅ እዚያው የተፈጠረች አይደለችም። ሁሉም በኖታ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ፒያኒስቱም እንደ ቤትሆቨን ሶናታ ቁጭ ብሎ ያጠናዋል።

በአጭሩ ቅርጹ የክላሲካል፣ ቋንቋው የጃዝ፣ ተጫዋቹ አንድ ሰው ብቻ። ሐሳቡን እሱ አልጀመረውም፤ አሜሪካዊው አቀናባሪ ገርሽዊን በ1926 እ.ኤ.አ. ሦስት ፕሬሉዶቹን (አጫጭር የፒያኖ ሥራዎች) ይዞ ብቅ ብሎ ነበር። ካፑስቲን ግን ዕድሜውን ሰጠው።

የተወለደው በ1937 ዩክሬን ውስጥ ሆርሊቭካ ነው። ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ገብቶ ፒያኖ ተማረ፣ ከዚያ በኦሌግ ሉንድስትሬም የጃዝ ኦርኬስትራ ውስጥ ለዓመታት ሠራ። እንዲህም ሆኖ የጃዝ ሙዚቀኛ አይደለሁም ይል ነበር። ኢምፕሮቫይዝ ማድረግ፣ ማለትም እየተጫወቱ እዚያው መፍጠር፣ አይስበውም ነበር፤ ወረቀት ላይ ሲሰፍር የበለጠ ያምራል ባይ ነበር። (ይህን ሲሰሙ የሚናደዱ የጃዝ ሰዎች አይጠፉም፣ አይፈረድባቸውም።)

ነገሩ በደንብ የሚታየው «ስዊት በጥንቱ ስልት» በሚለው የ1977 ሥራው ላይ ነው። አለማንድ፣ ጋቮት፣ ሳራባንድ፣ ቡሬ፣ ዢግ፤ ሁሉም ባህ የጻፈባቸው የድሮ ጭፈራዎች ናቸው፣ ውስጣቸው ግን ጃዝ ሞልቶባቸዋል። በ1988 ደግሞ 24 የጃዝ ፕሬሉዶች ጻፈ፣ በሃያ አራቱም የሜጀርና የማይነር ቁልፎች፣ ልክ እንደ ሾፓን።

ችግሩ ሲጫወቱት ነው። የጃዝ ትሪዮ ውስጥ ፒያኒስቱ ቤዙንም ምቱንም ለጓደኞቹ ትቶ ዘና ማለት ይችላል። እዚህ ማንም የለም። ከስምንቱ የ1984 ኮንሰርት ኤቱዶች (ቴክኒክን የሚፈትኑ ሥራዎች) አምስተኛውን ውሰዱ፦ ግራ እጅ የቡጊ-ውጊ (ምቱ የሚደጋገም የብሉዝ ፒያኖ ስልት) ቤዝ ይዞ ሳያቋርጥ ይነዳል፣ ቀኝ እጅ ከላዩ ላይ ምቱን እየሸሸ ይሮጣል፣ ሁለቱም ግን በጽሑፉ ልክ መገናኘት አለባቸው። ኖታውን ሳይስቱ ተጫውተው ስዊንጉን የሚገድሉት ብዙ ናቸው፤ እኔ እንደሱ ከምሰማ ሁለት ሦስት ስህተት ቢኖር ይሻለኛል።

ፒያኒስቶቹ ማርክ አንድሬ አምላንና ስቲቨን ኦዝቦርን ሥራዎቹን ቀርጸዋል፣ ሁለቱም ጎበዞች። መጀመሪያ ግን ራሱ ካፑስቲን ኤቱዶቹን ሲጫወት ስሙት።