«ከአዝ እስከ ኢዢጻ»፦ የአንድ የሩሲያ አነጋገር ትርጉምና መነሻ

ሩሲያውያን አንድን ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው ምንም ሳያስቀሩ ማወቅን ወይም መናገርን የሚገልጹበት «ከአዝ እስከ ኢዢጻ» የሚል የቆየ አነጋገር አላቸው፤ በእኛ «ከሀ እስከ ፐ» እንደ ማለት ነው። አዝ የጥንቱ የስላቭ ፊደል መጀመሪያ፣ ኢዢጻ ደግሞ የመጨረሻው ፊደል ስም ነው።

አነጋገሩ የመጣው እያንዳንዱ ፊደል በሙሉ ቃል ይጠራ ከነበረበት ዘመን ነው። አዝ «እኔ»፣ ቡኪ «ፊደል»፣ ዶብሮ «መልካም» ማለት ሲሆን፣ የፊደል ገበታው መጠሪያ «አዝቡካ» ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሞች የተገጠመ ነው። ተማሪው «ባ»ን ለማንበብ «ቡኪ፣ አዝ፤ ባ» እያለ ይቆጥር ነበርና፣ «አዝ፣ ቡኪ፣ ቬዲ እንደ ድብ ያስፈራሉ» የሚለው ሌላው ተረታቸው የዚያ አድካሚ ቆጠራ ትዝታ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው እነዚህን ፊደላት የቀረጸው የስላቮች ሐዋርያ የሚባለው ቅዱስ ቄርሎስ ነው ቢልም፣ እርሱና ወንድሙ መቶድዮስ በ863 እ.ኤ.አ. ገደማ በሞራቪያ ልዑል በራስቲስላቭ ጥያቄ ከቢዛንታይን ወደዚያች፣ በዛሬዋ ቼክ አካባቢ ወደነበረች የስላቮች አገር ሲላኩ የተገለገሉበት ግላጎሊትሳ የተባለው ሌላ ፊደል ነበር። በቄርሎስ ስም «ሲሪሊክ» የሚባለው ግን፣ መቶድዮስ በ885 ካረፈ በኋላ ከሞራቪያ የተባረሩት ደቀ መዛሙርት በተጠለሉባት በቡልጋሪያ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አብዛኛው ቅርጹ ከግሪክ የተወሰደ፣ በግሪክኛ ለማይገኙት እንደ «ሽ» ላሉ ድምፆች ደግሞ ሌሎች ምልክቶች የተጨመሩበት ነው።

ኢዢጻም ከግሪክ የመጣች ናት፤ የምታገለግለውም ለግሪክ ቃላት ብቻ ስለነበር፣ በኋለኛው ዘመን ከሞላ ጎደል «ሚሮ» በሚለው ቃል ብቻ ቀረች። ይህ ቃል የእኛው «ሜሮን» ነው። (ፐም ወደ ፊደላችን የገባችው ለባዕድ ቃላት መሆኑን ልብ ይሏል።) ቅርጿ ከታች ሾጣጣ፣ ከላይ ለሁለት የተከፈተ በመሆኑ የተገለበጠ ጅራፍ ይመስላል ይባላል፤ «ኢዢጻ እጽፍልሃለሁ» የሚለው ዛቻም በቀድሞው ትርጉሙ «እገርፍሃለሁ»፣ በኋላ ደግሞ «ልክህን አሳይሃለሁ» ማለት ሆኗል።

በ1918 የሩሲያ የአጻጻፍ ማሻሻያ ሌሎች ፊደላት በስም ተጠቅሰው ሲሻሩ፣ ኢዢጻ በአዋጁ ውስጥ ሳትነሣ ከአገልግሎት ወጣች። የዛሬው ገበታ በ«ያ» ስለሚያበቃ የዘወትሩ አነጋገር «ከአ እስከ ያ» ሆኗል፤ በቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ መጻሕፍት ግን ኢዢጻ እስከ አሁን ትጻፋለች።